የአባቴ ዕጢ ላይ የተገኘው ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ለእኛ ለልጆቹም ይተላለፋል?

የሜሪላንዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 67 ዓመቱ ነው፤ እዚህ ከእኔ ጋር ይኖራል። ምግብ አልወርድ ሲለው ኢንዶስኮፒ ታየ፤ የጨጓራ ካንሰር ሆነ። ከዕጢው የተወሰደው ናሙና የጂን ምርመራ ተሠርቶለት «ቲፒ53 ሚውቴሽን አለው፣ ኸር2 ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት መጣ። ሐኪሙን የምናገኘው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ወንድሜ «እኛም አለብን ማለት ነው» ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። አባዬ ደግሞ «ልጆቼን አስያዝኳቸው» እያለ ያለቅሳል። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ከላብ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላቸው። የምሠራው ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። አባትሽን ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ ማንንም አላስያዙም። ካንሰር ራሱ አይተላለፍም። ዕጢው ላይ የሚታየው ለውጥም አብዛኛው እዚያው ጨጓራ ውስጥ በዕድሜ የመጣ ነው። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ጨጓራን ለዓመታት ሲያቆስል ሴሎቹ ቶሎ ቶሎ ይባዛሉ፤ በተባዙ ቁጥር ስህተት ይጠራቀማል። ቲፒ53 የሚባለው ጂን ሴል ያለ ልክ እንዳይባዛ የሚይዝ ፍሬን ነው። በጨጓራ ካንሰር ከማንም በላይ ተበላሽቶ የሚገኘው እሱ ነው። አልፎ አልፎ በዘር የሚመጣ አለ፤ ያንን የሚለየው ግን የደም ምርመራ እንጂ የዕጢው ወረቀት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 295 የጨጓራ ዕጢዎችን በዘረመላቸው አራት ቦታ ከፍሏል። ግማሽ ያህሉ ጂኖችን የሚሸከመው ክሮሞዞማቸው የተዘበራረቀ ነው። የቲፒ53 ብልሽት በብዛት የሚታየው እዚያ ነው፤ እንደ ኸር2 ያሉ ጂኖች ቅጂያቸው የሚበዛውም እንደዚሁ።

ኸር2 ፖዘቲቭ ማለት ሴል እንዲያድግ የሚያዝዘው የኸር2 ፕሮቲን ዕጢው ላይ በዝቷል ማለት ነው፤ ይህ ግን ለሕክምና በር ይከፍታል። ለተሠራጨ ካንሰር፣ ኸር2ን የሚያጠቃው ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት ከኬሞ ጋር ሲሰጥ ከኬሞ ብቻው ይልቅ ዕድሜ እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2010 ታይቷል። ደረጃው ስንት እንደሆነና ይህ መድኃኒት ይሆናቸው እንደሆነ ጠይቂ።

ሰላም፦
በዘር የሚሄድ የጂን ብልሽትም አለ፣ የእኛ ቤት እንደሱ ነው። ጂኑ ሲዲኤች1 ይባላል፤ ብልሽቱ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 በኒውዚላንድ የማኦሪ ቤተሰቦች ላይ ነው። እናቴም አክስቴም ገና በወጣትነታቸው ታመሙ። ዓይነቱ ዲፊዩዝ የሚባለው፣ ሴሎቹ በጨጓራው ግድግዳ ተበታትነው የሚያድጉት ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ካላችሁ የዘረመል አማካሪ ጠይቁ።

የሜሪላንዷ፦
አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በዘመድ ማንም የለም፣ ወረቀቱም ዲፊዩዝ ሳይሆን «ኢንቴስቲናል» የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው የሚለው። ለባክቴሪያው እኔና ወንድሜ እንመርመር?

ከላብ፦
አዎ፣ ተመርመሩ። በትንፋሽ ወይም በሰገራ ይታወቃል። ከተገኘ በአንቲባዮቲክ ይታከማል፤ መድኃኒቱን ግን እስከ መጨረሻው ጨርሱት።