ከወርክሾፕ ቁርጥራጭ የወጥ ማማሰያ ለማውጣት የትኛው እንጨት ይሻላል?

ጠያቂ፦ ከእንጨት ቤት የተሰበሰበ ቁርጥራጭ አለኝ፦ 50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የወይራ ቁራጭ፣ የዋንዛ ጣውላ፣ የባሕር ዛፍ ሞራሌ፣ ትንሽ ኤምዲኤፍ። ለትልቅ ድስት ማማሰያ ልሠራበት ነው። ያለኝ መጋዝ፣ የእንጨት ሞረድና ቢላዋ ብቻ ነው። የበፊቱ አንገቱ ላይ ተሰበረ፤ ሲታጠብም ይሻክር ነበር።

መላጊያ፦ ኤምዲኤፉን ተወው፤ በሙጫ የተጋገረ ብናኝ ስለሆነ ሲረጥብ አብጦ ይፈርሳል። ሞራሌው ኮንክሪት ሲሞላበት የነበረ ከሆነ፣ ኮንክሪቱ እንዳይጣበቅ የሚቀባውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠጥቶ ይሆናል፤ እሱም ይቅር። ወይራው ነው የሚያዋጣው፤ ጠጣር ስለሆነ ጠርዙ ቶሎ አይበላም።

አንገቱ የሚሰበረው እንጨቱ ሲፈለጥ የሚሄድበት መስመር መያዣውን አግድም ሲያቋርጠው ነው። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከርዝመቱ ጋር መሄዱን አይተህ ቅረጽ። ቅርንጫፍ የበቀለበት ዐይን አንገቱ ላይ እንዳይውል። ልኩ፦ ርዝመት 40 ሴንቲ፣ የጫፉ ስፋት 6፣ የመያዣው ውፍረት 2። ወደ መያዣው የሚጠብበትን ቦታ በቀጥታ ማዕዘን አትቁረጠው፤ ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል፣ በሞረድ አጉብጠው። ከመያዣው ግራና ቀኝ የሚወጣውን ትርፍ በየ2 ሴንቲው እስከ ሳልከው የመያዣው ምልክት በመጋዝ ከፋፍለህ በቢላዋ ብታነሳው ይቀልሃል።

ጫፉን ደግሞ እንደ ማንኪያ ክብ አታድርገው። ቁሌት ያለ ዘይት ሲበስል ሽንኩርቱ ከድስቱ ቂጥ መፋቅ አለበት፤ ክብ ጫፍ የሚነካው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ቀጥ ያለ፣ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሳሳ ጠርዝ ይሁን። ለሸክላ ድስት ከሆነ ግን አንዱን ጥግ ክብ አድርገው።

የዋንዛ ወዳጅ፦ በወይራው እስማማለሁ፣ በቢላዋ ግን ያደክማል። ለጀማሪ ዋንዛ አይከፋም፤ ጠርዙ ሲበላ እንደገና ይሞረዳል።

መሻከሩ ውሃ ሲነካው የእንጨቱ ቃጫ ስለሚቆም ነው። በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ ቁጥር 80፣ 120፣ 220 እያልክ ከጨረስክ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ አብሰህ ይድረቅ፣ ከዚያ በ220 ብቻ ቀለል አድርገህ ድገመው። ሁለት ጊዜ ይበቃል። ቫርኒሽ አይቀባ፣ በሙቀት ተልጦ ወጡ ውስጥ ይገባል። ቅቤም አይሆንም፤ አይደርቅም፣ ይሸታል። የሚበላ የተልባ ወይም የኑግ ዘይት በስሱ ቀብተህ ትርፉን ጥረግና ጥቂት ቀን ይቆይ። የቀባህበትን ጨርቅ ጨብጠህ አትጣለው፣ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል፤ ዘርግተህ አድርቀው።

ጠያቂ፦ ወይራው ጫፉ ላይ 6 ሴንቲ የሚገባ የፀጉር ስንጥቅ አለው። በኮላ ይያዛል?

መላጊያ፦ አይያዝም፤ ፍል ወጥ ውስጥ ይላቀቃል። ከሚታየው 2 ሴንቲ አሳልፈህ ቁረጠው፣ 42 ይቀርሃል።