ለዲጂታል ሥርጭት የድሮው አንቴና ይሆናል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለቤቱ። ደሴ፣ ጦሳ ሥር ነኝ። የድሮውን የጣሪያ አንቴና የዲሹ ሪሲቨር ላይ ብሰካውም «ሲግናል የለም» ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ አብሽር፣ ሪሲቨሩ አልተበላሸም። የዲሹ ዲቪቢ-ኤስ2 (የሳተላይት ሥርጭት ዓይነት) ነው፤ ከምድር ማሠራጫ የሚመጣው ግን ዲቪቢ-ቲ2። ሴት ቶፕ ቦክስ (ቲ2ን ተቀብሎ ለቲቪ የሚሰጥ ሳጥን) ያስፈልግሃል፣ ቲቪህ ውስጡ ቲ2 ከሌለው። «ቲ» ብቻ የተጻፈበትን እንዳትገዛ፣ ቲ2ን አያነብም።

መልስ 2፦ የአንቴናውን ዘንጎች በሜትር ለካቸው። ከ20 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ከሆኑ ዩኤችኤፍ (ለአጭር ሞገድ የተሠሩ) ናቸው፣ ይሠራሉ። 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከሆኑ የቪኤችኤፍ (የረዘመ ሞገድ) ናቸው፤ አንቴናውን ቀይረው። ገመዱም ባለ 75 ኦም ይሁን። ጫፉ ላይ ከሽቦ መረቡ አንዲት ክር መሃለኛውን መዳብ ከነካች አለቀ፣ ሲግናሉ ይሞታል።

ጠያቂ፦ ለካሁት፣ 26 ነው። ቦክስ ተውሼ ሞከርኩ፤ ምስሉ በካሬ በካሬ እየተቆራረጠ ይቆማል።

መልስ 3፦ አናሎግ (የድሮው ሥርጭት) ሲደክም በረዶ ይዘንብበት ነበር እንጂ ይታይ ነበር፤ ዲጂታል ከገደቡ ከወረደ ጭራሽ የለም። ቦክሱ ከሚያሳይህ ውስጥ የሲግናሉን ጥንካሬ ሳይሆን «ጥራት» የሚለውን መስመር እያየህ አንቴናውን በትንሽ በትንሹ አዙር፣ በየመሃሉ 5 ሰከንድ ጠብቅ፣ ቦክሱ ዘግይቶ ነው የሚያሳይህ። ተራራው ከጋረደህ ሲግናሉ ከማዶው ተንጸባርቆ ሊመጣ ስለሚችል ወደዚያም ሞክር። አንቴናው ማጉያ (ሲግናል የሚያጎላ ዕቃ) ካለው የቦክሱ ሜኑ ውስጥ የአንቴና 5 ቮልት መከፈቱን እይ። ማሠራጫው ቅርብ ከሆነ ግን ማጉያው ራሱ ያበላሻል፣ ንቀለው።