«ማስቆም የተጋጣሚ ፈንታ ነው» ለተባለው

የአትላንታው፦ ትናንት አንድ ወንድማችን ስለ ጆርጂያ ቴክና ከምበርላንድ ኮሌጆች የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ሲጽፍ፣ «ነጥብ ማብዛት ነውር የለበትም፤ ማስቆም የተጋጣሚ ፈንታ ነው» ማለቱ እንቅልፍ ነሥቶኛል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 1916 እዚሁ አትላንታ 222 ለባዶ የተረታው ከምበርላንድ የፉትቦል ቡድኑን አስቀድሞ በትኖ ነበር፤ የመጣውም ውሉን ካፈረስክ 3,000 ዶላር ትከፍላለህ ስለተባለ፣ ያገኛቸውን ተማሪዎች ለቃቅሞ ነው። እስከ እረፍት 126 ለባዶ ይመራ የነበረው ቴክ፣ ሁለተኛው አጋማሽ እንዲያጥር ተደርጎ እንኳ 96 ጨመረ። እነዚያ ልጆች በምን አቅማቸው ያስቁሙ?

ቀይና ጥቁር፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልመለስበትም። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ እንደመሆኔ ቴክ ባላንጣዬ ነው፤ ቢሆንም እውነቱ ይነገር። ከምበርላንድ ቀደም ሲል በቤዝቦል ቴክን 22 ለባዶ ሲያሸንፍ ተከፋይ ተጫዋቾችን አሰልፏል ተብሎ ተጠርጥሯል፤ የቴክ አሠልጣኝ ጆን ሃይዝማንም ያንን አልረሳም። የእኛ ቡድንም በ2023 መጨረሻ ፍሎሪዳ ስቴትን 63 ለ3 ሲረታ ጨካኝ ተባለ፤ 13 ጨዋታ አሸንፈው ሻምፒዮኑ ከሚለይበት ከፕሌይኦፍ ከቀሩ በኋላ አንሰለፍም ያሉት ግን የእነሱ ልጆች ናቸው።

የአትላንታው፦ ቂሙ ሃይዝማን ለምን እንደጨከነ ያስረዳል እንጂ ጭካኔውን ትክክል አያደርገውም። የማልስማማው «ፈንታ» ባልከው ቃል ነው፤ ፈንታ የሚሰጠው ሊወጣው ለሚችል ሰው ነው።

የተጠባባቂው አባት፦ ስለ አሠልጣኞች ስትከራከሩ ተጠባባቂውን ረሳችሁት። ልጄ ዓመቱን ሙሉ ሲለማመድ ከርሞ ሜዳ የገባው፣ ቡድኑ በሰፊ ልዩነት እየመራ አራት ደቂቃ ሲቀር ነበር። ያን ማታ የሣር እድፍ የያዘውን የሱሪውን ጉልበት ፎቶ አንሥቶ ለእናቱ ላከላት። ኳስ እጁ ሲገባ ነጥብ የሚቆጠርበት መስመር ጋ ሳትደርስ ተንበርከክ ልበለው? ነውሩ ቋሚ ተሰላፊዎች በአራተኛው ኳርተር፣ በመጨረሻው ሩብም ረጅም ኳስ ሲወረውሩ ነው።

የኮሎምበሷ፦ ኦሃዮ ስቴትን ከልቤ ብወድም የማፍርበት ነገር አለ። በ1968 ሚሺጋንን ደቁሰን ሳለ አሠልጣኛችን ዉዲ ሄይስ በጨዋታው መጨረሻ ላይ፣ ከተቆጠረ በኋላ በምት አንድ ነጥብ መጨመር ሲበቃ ለሁለት ነጥብ አስሞከረ፤ 50 ለ14 አለቀ። በዓመቱ በእነሱው 24 ለ12 ተረታን።

ቀይና ጥቁር፦ ይኸው አስቆሟችሁ፤ እኔስ ምን አልኩ?

የአትላንታው፦ ሚሺጋን ሚሺጋን ስለሆነ ነው፤ ቡድኑን የበተነ ኮሌጅ በዓመቱ በምን ይመለስ? ዛሬም ትንንሾቹ ኮሌጆች ትልልቆቹ ሜዳ ድረስ መጥተው እንዲጫወቱ ይከፈላቸዋል፤ ገንዘቡን ኮሌጁ ሲቀበል ዱላውን የሚቀበለው ልጁ ነው።

ቀይና ጥቁር፦ ያ የአሸናፊው ጥፋት አይደለም። ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች የነጥብ ልዩነት ያያሉ፤ በ2002 ደረጃ የሚያሰሉት ኮምፒውተሮች ልዩነቱን እንዳይቆጥሩ ቢደረግም የመራጮቹን ዓይን ማን ይከለክላል?

የአትላንታው፦ እሺ፣ 126 ለባዶ ሆኖ ለእረፍት ሲወጡ አሠልጣኙ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ቀይና ጥቁር፦ ጨዋታው እዚያው ያብቃ ብዬ እጠይቅ ነበር፤ ልጆቼን ግን ነጥብ አታግቡ አልልም።

የአትላንታው፦ እንግዲያው ማስቆም የአሸናፊም ፈንታ ነው ብለሃል።

ቀይና ጥቁር፦ አላልኩም፤ ቃሌን አታጣምምብኝ። መጠየቅ ሌላ፣ ማስቆም ሌላ።