በ37 ዓመቴ አረጥሽ ተባልኩ፤ ሆርሞኑን ልጀምር?

እህቶቼ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። የወር አበባዬ ከቀረ ቆየ። ኤፍኤስኤች የሚባለው፣ እንቁላል እንዲያድግ የሚያነቃቃው ሆርሞን ተደጋግሞ ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከ40 ዓመት በፊት የመጣ ማረጥ ነው ተባልኩ። ሌሊት ሙቀት ከደረቴ ተነስቶ ፊቴ ላይ ይወጣል። ብርድ ልብሱን ስገፍ አንገቴ ርሷል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርደኛል። ቀን ቀን በትንሽ ትልቁ ሆድ ይብሰኛል።

ሐኪሟ አጥንቴ እንዳይሳሳ፣ ለልቤም ስትል፣ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉትን የሴት ሆርሞኖች እስከ 50 ዓመቴ ገደማ እንድወስድ መክራኛለች። እናቴ ግን "ካንሰር ያመጣል" ብላ አስጨነቀችኝ። ሐኪሟ ያ ስጋት በዋናነት የመጣው በዕድሜ ከገፉ ሴቶች ጥናት ነው ትላለች። እኔም እሷን ባምናት ደስ ይለኛል፤ ልቤ ግን አልቆረጠም።

በዚህ ዕድሜ የጀመራችሁ አላችሁ? ሙቀቱ መቼ ቀለለላችሁ? መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋስ ምን ታደርጋላችሁ? ደግሞ፣ የልጅን ነገር ለባለቤቴ እንዴት ላንሳው?