ለአባቴ ወገብ ግሉኮሳሚን ልጨምርላቸው?

የቡሬው ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ወገባቸውን መታመም ከጀመሩ ዓመታት አለፉ። ገበሬ ናቸው፤ የጤፍ አጨዳ ሲደርስ ጎንበስ ብለው ይውሉና ማታ ቀና ማለት ያቅታቸዋል። ሐኪም ኢቡፕሮፌንና የወገብ እንቅስቃሴ አዞላቸዋል። አሁን እህቴ ከውጭ ግሉኮሳሚን የሚባል እንክብል ላከች። የታዘዘላቸውን ሳያቆሙ ይሄን ቢጨምሩበት ይረዳቸዋል?

ከማንኩሳ፦
እናቴ ወስዳው ተሽሏታል። ብዙም አልቆየ። ስጣቸው።

ፊዚዮ ባሕር ዳር፦
እናትህ እንኳን ተሻላቸው። ግን በእንክብሉ ነው ለማለት ይቸግራል። የወገብ ሕመም ይነሳል፣ ይበርዳል። ሰው አዲስ ነገር የሚሞክረው ደግሞ ሲብስበት ስለሆነ፣ ምንም ባይወስድም ከዚያ በኋላ ቀለል ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ነው በጥናት ላይ ግማሹ ሰው እውነተኛውን፣ ግማሹ መልኩ አንድ የሆነ ግን ምንም የሌለበት እንክብል የሚሰጠው፤ የቱ የማን እንደሆነ ታካሚውም ሐኪሙም ሳያውቅ። ግሉኮሳሚንን ኖርዌይ ውስጥ እንዲህ ፈትነውት ውጤቱ በ2010 (በፈረንጆቹ) ወጣ። 250 ሰዎች ናቸው፣ ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ የታመሙ፣ መገጣጠሚያቸው የተበላ። በቀን 1500 ሚሊግራም፣ ለ6 ወር። ሁለቱም ወገን ተሻላቸው፣ ግን እኩል! ዓመት ሲሞላም ልዩነት አልታየም። እኔ ብሆን አልጨምርላቸውም።

የቡሬው ልጅ፦
ጉዳት ከሌለው ግን፣ አንዴ ከመጣ ቢሞክሩትስ?

ሲስተር ከደብረ ማርቆስ፦
ጉዳት የለውም አትበል ወንድሜ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ደሙን ከልክ በላይ ሊያቀጥን ይችላል። ደግሞ እንክብሉ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሽሪምፕና ክራብ ከሚባሉ የባሕር እንስሳት ቅርፊት ነው። አባትህ ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ ከሆነ ሳትነግራቸው እንዳትሰጥ፣ በጣም ያዝኑብሃል። ኢቡፕሮፌኑንም በጾም ሰዓት በባዶ ሆድ እንዳይውጡት፣ ጨጓራ ይጎዳል። እግራቸው ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዳቸው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለም ይመርመሩ፤ የአከርካሪ ቲቢ እኛ አገር አለ።

የቡሬው ልጅ፦
ዋርፋሪን አይወስዱም፣ እነዚህ ምልክቶችም የሉባቸውም። ቅርፊቱን ግን ቢሰሙ በጄ አይሉም! ለእህቴ ሌላ እንዳትልክ እደውልላታለሁ። ፊዚዮ፣ አጨዳውን ይተዉ ወይ?

ፊዚዮ ባሕር ዳር፦
አይተዉ። በየመሐሉ ቀና እያሉ ይራመዱ፣ ከባዱን ሸክም እናንተ ያዙላቸው። ሲያማቸው ተኝተው እንዳይውሉ፣ መተኛት ወገብን ያደክማል። እንቅስቃሴውን አጨዳ ካለፈም በኋላ በየቀኑ ይሥሩ።