ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክና የማይቆራረጥ መስመር ምረጡልኝ

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ በድሬዳዋና በሐረር መንገድ የምትመላለሱ። የምኖረው ሳቢያን ነው፤ ጨርቅ እየያዝኩ በደንገጎ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር እወስዳለሁ። ከዚራ ላይ መስመሬ አስቸግሮኝ አያውቅም። የደንገጎን ዳገት ስንያያዘው ግን ድምፁ ይቆራረጣል። ጀጎል ውስጥ ደግሞ የደንበኛዬ ቤት ግንቡ ወፍራም ነው፤ ክፍያ የምቀበለው ግቢው መሀል ቆሜ ነው። ገንዘቡ ከእርሷ ተቀንሶ መልእክቱ ለእኔ ሳይደርስ ሲቀር ሁለታችንም ተፋጠን እንቆማለን!

ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም እዚህ አሉ፤ ሁለተኛው እንዲያውም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሙከራውን የጀመረው ድሬዳዋ ላይ ነው። ስለዚህ የሁለቱንም ሲም ይዤ እንደ ቦታው ልቀያይር አስቤያለሁ። ደንበኛ ሁሉ የሚያውቀውን የቆየ ቁጥሬን ግን መጣል አልችልም።

ስልክ ሻጮች የሚያወሩልኝ ስለ ካሜራ ብቻ ነው። ካሜራው ዳገት ላይ ምን ይሠራልኛል? ሁለቱንም ሲም እኩል በፎር ጂ የሚያሠራ፣ በድሬ ሙቀት ባትሪው ቶሎ የማይደክም ስልክ የትኛው ነው? ቴክኖ ይሻላል ወይስ ያገለገለ ሳምሰንግ? ከደንገጎ እስከ አወዳይስ የማይቋረጠው የማን መስመር ነው? ሞክራችሁ ያያችሁ ብቻ ንገሩኝ፤ ማስታወቂያውንማ እኔም ሰምቻለሁ።