ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፣ ሄፓታይተስ ግን የለም፤ ቀጥሎ ምን ይመርመሩ?

ጠያቂ (ቃሊቲ)፦ አባታችን 64 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አያማቸውም፣ ትኩሳትም የለም፤ ሌሊት ግን ያሳክካቸዋል፣ ልብሳቸውም ሰፍቷቸዋል። በጤና ጣቢያው ምርመራ ሄፓታይተስ ቢም ሲም የለም። ዘመድ «የወፍ በሽታ ነው፣ ባህል ሐኪም ጋ ውሰዷቸው» ይላል። ምን እናስቀድም?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ሽንትና ሰገራቸውን እዩ። ሽንቱ የወፈረ ሻይ መስሎ ሰገራው ከነጣ፣ ሐሞት አንጀት አልደረሰም ማለት ነው። ቶታል ቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ጠቅላላ መጠን) ብቻውን አይበቃም፤ ዳይሬክቱን (ጉበት አዘጋጅቶ ወደ ሐሞት የሚልከውን ክፍል)፣ የጉበት ሕዋስ ጉዳት የሚያሳየውን ኤኤልቲንና የሐሞት መታገድን የሚያሳየውን አልካላይን ፎስፋቴዝን ጨምሩ። ዳይሬክቱ ከቶታሉ ግማሽ በልጦ፣ አልካላይን ፎስፋቴዙም ከኤኤልቲ ይልቅ ጎልቶ ከወጣ የተዘጋ የሐሞት ቧንቧ ይጠረጠራል። ስኳርም ይለኩ፤ በዚህ ዕድሜ ከክብደት መቀነስ ጋር አዲስ የመጣ ስኳር ቆሽትን ያስጠረጥራል።

ጠያቂ፦ ሰገራው ነጭ ነው። አልትራሳውንድ ነገ ጠዋት ይነሣሉ።

ሐኪም፦ ከአልትራሳውንዱ በፊት ለ6–8 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀምሱ ይቆዩ፤ የሐሞት ከረጢቱ ሞልቶ እንዲታይ ነው። የምርመራ ማዘዣው ላይ «ሕመም የሌለው ቢጫነት፣ ክብደት መቀነስ» ተብሎ ይጻፍ፣ የሐሞት ቧንቧው ስፋትም በሚሊ ሜትር ይለካ። ከ6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር በላይ ሰፍቶ ጠጠር ካልታየ፣ የቆሽት ራስ ወይም የቧንቧው ዕጢ መፈለግ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፦ የአንጀት አየር ቆሽትን ስለሚጋርድ «ቆሽት አልታየም» የሚለው ቃል «ጤነኛ ነው» ተብሎ ይነበባል። ቀጣዩ በደም ሥር ምስል የሚያጎላ ንጥረ ነገር (ኮንትራስት) ተሰጥቶ የሚነሣ ሲቲ ስካን ነው፤ ከዚያ በፊት ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ይታይ። ሲቲው ከስቴንት (የተዘጋውን ቧንቧ ለመክፈት ከሚገባ ቀጭን ቱቦ) በፊት ቢነሣ ይሻላል፣ ስቴንት ከገባ ምስሉ ይበላሻል። ሲኤ 19-9 በሚባለው የዕጢ ጠቋሚ የደም ምርመራ ላይ አትንጠልጠሉ፤ ቧንቧ በመዘጋቱ ብቻ ይጨምራል።

ነርስ፦ አይኤንአርም (የደም መርጋት ምርመራ) ይሠራላቸው። ሐሞት ሲታገድ ቫይታሚን ኬ በደንብ አይመጠጥም፣ ደም ቶሎ አይረጋም። ሪፈሩን ከጤና ጣቢያው አጽፉ፤ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ለእናንተ ቅርብ ነው፣ ዕጢ ከታየ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል ይላካሉ። የሥር መድኃኒት ግን የተዘጋ ቧንቧ አይከፍትም፣ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ ጠጥተው ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። (ጠበሉን ማንም አይከለክላቸውም፣ ቀጠሮውን ብቻ አያሳልፍባቸው።) ብርድ ብርድ ካላቸውና ካተኮሳቸው ሐሞቱ ተመርዟልና ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል።